ተነሽ ያልተባለች ልጅ

አሻቢ መቀመጥ አትችልም ነበር። ይህን የምለው ስሟን ላጠፋ ፈልጌ አይደለም። ስትዘፍን ከበሮ የመታሁላት፣ በጭነት መኪና ጀርባ አብሬያት አቧራ የጠጣሁ ሰው ነኝ። ወንበር ሲሰጧት ጫፉ ላይ ዱብ ትልና ትንፋሽ ሳትስብ ትነሳለች። ምግብ እንኳን ለመጉረስ ቁጭ፣ ለመዋጥ ብድግ ነው። ቤቷ በእንግድነት የሄደ ሰው እሷን በዓይኑ ሲከተል አምሽቶ አንገቱን አሞት ይመለሳል።

"አንቺ ሴትዮ፣ ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?" እላታለሁ።

"ቦዳ አያን፣ ጉልበቴ ገና መሬት ላይ ነው። የተንበረከከ ሰው እንዴት አድርጎ ይቀመጣል?" ትለኛለች።

ቦዳ የምትለኝ ታላቋ ስለሆንኩ ነው። አያን ደግሞ የከበሮ መቺ ዘር ሁሉ የሚጠራበት ስም ነው፤ ሙሉው አያንቱንዴ ነው። መልሷን ለዓመታት እንደ ቀልድ ስሰማው ኖርኩ። ቀልድ እንዳልነበረ የገባኝ ኢባዳን ከተማ ውስጥ ቴሌቪዥን ከገባ በኋላ ነው፤ እሱም በአንድ ባዶ ግድግዳ ምክንያት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሸማኔዎቹ ከተማ ከኢሴይን ልጀምር።

አሻቢ የኢሴይን ልጅ ናት። አባቷ ባባ አኪንላቢ ሸማኔ ነበሩ። ሸማኔ ስል ዝም ብሎ ሸማኔ እንዳይመስላችሁ። የሠርግ ልብስ የሚያሠራ ሰው ከሌጎስ ድረስ መጥቶ ደጃቸው ላይ ተራ ይጠብቅ ነበር። ድራቸው በድንጋይ ተወጥሮ ከዳሱ እስከ መንገዱ ማዶ ይዘረጋል። የአሻቢ ሥራ ክር ማጠንጠን ነበር፤ እሷ ግን የተዘረጋውን ድር እየዘለለች ስትዘፍን ትውላለች። "ይቺ ልጅ አንድ ቀን ክሬን በጥሳ ትሄዳለች" ይሉ ነበር አሉ። አፍ ክፉ ነው፤ እንዳሉትም ሆነ።

የእኛ የቲያትር ቡድን ኢሴይን በገባ ጊዜ ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ቢሆን ነው። በፍርድ ቤቱ አዳራሽ ስናሳይ እሷ በመስኮት ተንጠልጥላ የዘፈኖቻችንን አዝማች ከእኛ ቀድማ ታወርደዋለች። መሪያችን ኦጋ ዲፔ (ኦጋ ማለት አለቃ ነው) በሦስተኛው ምሽት ላይ "ያቺን የመስኮት ወፍ አምጡልኝ" አለ። አመጣናት፤ ዘፈነች። ከዚያ በኋላ እኛም ልንተዋት አልቻልንም፣ እሷም ልትቀር አልቻለችም።

ያን ጊዜ በአገራችን ተዋናይ ማለት ለማኝ ማለት ነበር። ሰው ቲያትራችንን አይቶ እስኪያለቅስ ይስቅና በማግስቱ ልጁን "እንደነዚያ ዘላኖች እንዳትሆን" ብሎ ይመክራል። ባባ አኪንላቢም "የእኔ ልጅ ከበሮ ተከትላ ደጅ ለደጅ አትለምንም" አሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልጨመሩም።

በምትሄድበት ጠዋት ዕቃዋን ልሸከም የሄድኩት እኔ ነኝ። ባባ ሽመናቸው ላይ ተቀምጠዋል። አሻቢ ፊታቸው ተንበረከከች። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ከተንበረከከች ታላቁ ሰው መርቆ "ተነሽ" እስኪላት አትነሳም። ይህ ማንም ለማንም የሚያስተምረው ነገር አይደለም፤ ከጡት ጋር ይጠባል። ባባ መወርወሪያቸውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየላኩ መሸመናቸውን ቀጠሉ። ቀናም አላሉ፣ አልተራገሙም፣ አልመረቁም። መኪናው ከመንገድ ማዶ ጥሩምባውን ነፋ። ቆይቶ ደግሞ ነፋ። በመጨረሻ አሻቢ በገዛ ራሷ ተነሳች። ፊቷን ሳየው ልቤ ምን እንዳለ አሁንም አስታውሳለሁ፤ "ይቺ ልጅ የሆነ ነገሯን እዚያ አፈር ላይ ጥላ ነው የመጣችው" ብዬ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አሥር ዓመት አለፈ። በየከተማው፣ በየትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ አንዳንዴም እስከ አክራ ድረስ ዞርን። እሷ ስትዘፍን መድረኩ ይጠባታል። ከዳር ዳር ትሮጣለች፤ ተመልካቹ ውስጥ ትገባለች፤ አንዴማ የአንድ መምህር ባርኔጣ ነጥቃ በመስኮት ወጣች። ሰው ይወዳታል። ወደ ኢሴይን የሚወስደው መገንጠያ ላይ ስንደርስ ግን ዘፈኗን ታቋርጣለች። ኢሴይንን ሁሌም በሩቁ ነበር የምናልፈው።

ኦጋ ዲፔ ሲሞት ቡድኑ ተበተነ። መኪናዋም ጌታዋን ተከትላ ሞተች። ነጻነት በመጣበት በዚያ ሰሞን ኢባዳን ኮረብታ ላይ አንድ ረጅም ብረት ቆመና "ሥዕል ከሰማይ ሊወርድ ነው" ተባለ። ቴሌቪዥን መሆኑ ነው። ጣቢያው የሚኖረው የነጋዴ ማስታወቂያ እየሸጠ ስለነበር ዘፋኝም፣ ተዋናይም፣ አፈ ቀላጤም ይፈልግ ነበር። ለሰፈራችን ሰው አዲስ ነገር የሆነው ሥዕሉ ብቻ አልነበረም፤ ሳሙና የሚሸጥ ሰው ቤት ድረስ በመስታወት መግባቱም ነው።

አሻቢና እኔ ሄድን። የፈተነን አዘጋጁ ኦሹንቶኪ ነበር፤ ለንደን ተምሮ የተመለሰ፣ ቀጭን፣ ሰዓቱን በየደቂቃው የሚያይ ሰው። እሱም እንደ አሻቢ አይረጋም፤ የእሱ ግን ከሰዓት ጋር ነበር ጠቡ።

"ዝፈኚ" አላት።

ዘፈነች። ካሜራው እንደ ጥጃ የከበደ ነበርና ገፊው እሷን ሲከተል ከመብራቱ ምሰሶ ጋር ተጋጨ።

"አቁሚ! አቁሚ! እኔ ዘፋኝ ጠየቅኩ እንጂ የዱር ፍየል ጠየቅኩ?" ብሎ ኦሹንቶኪ ጠመኔ አወጣና ወለሉ ላይ ክብ አሰመረ። "ከዚህ ውስጥ አትወጪም። እግርሽ መሥመሩን ከነካ ለሕዝብ የሚታየው ግማሽ ፊት ነው።"

አሻቢ ክቡን ዞረች፣ አየችው፣ እንደ ጉድጓድ ፈራችው። በኋላ ግን ገባችበት። ረሃብ ያላስተማረው ጥበብ የለም።

ሥራዋ ይህ ነበር፦ ምሽት ምሽት ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ወሬ ሊነበብ ሲል፣ ካሜራው ላይ ያለው ቀይ መብራት ይበራል። እሷ ጠመኔው ክብ ውስጥ ቆማ፣ ከአጠገቧ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የተደረደረ ሦስት ዳክዬ የሚባል ሳሙና ይዛ፣ "እናቶች፣ እንደምን አመሻችሁ!" ትላለች። ከዚያ አንድ ደቂቃ ታወራለች፣ ትዘፍናለች፤ እኔ ከሥዕሉ ውጭ ቆሜ ከበሮ እመታላታለሁ። ያኔ ቀድቶ ማሳለፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ያለችው ሁሉ ያንኑ ጊዜ አገር ይሰማዋል፤ ብታስነጥስም አገር "ይማርሽ" ይላል።

ታወቀች። ገበያ ስትሄድ ሴቶች ልብሷን እየነኩ "ሳጥኑ ውስጥ አይሞቅሽም?" ይሏታል። እሷም "ይሞቃል እንጂ፤ ለዚህ አይደል ሳሙና የማልለየው" ትላለች። በየከተማው ምክር ቤት ደጅ፣ በእንጨት ሳጥን የተቆለፈ የሕዝብ ቴሌቪዥን ቆመ። ኢሴይንም ቆመ አሉ። ይህን ስትሰማ ሁለት ቀን እህል አልበላም አለች።

"አባቴ ያየኝ ይሆን?" ትለኛለች።

"ባባ ማታ ማታ ሳጥን የሚያዩ ሰው ናቸው?"

"ካዩኝስ? ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ቆሜ ነው የማወራው እኮ፣ ቦዳ አያን።"

ሳቅኩባት። መስታወት እንጂ ዓይን የለም አልኳት። አልሳቀችም።

እንግዲህ ወደ ግድግዳው ልምጣ። ስቱዲዮው አንድ ክፍል ብቻ ነው። በአንዱ ጥግ አሻቢ ሳሙና ስትሸጥ፣ በሌላው ጥግ ቀጥሎ የሚቀርበው እንግዳ ይቀመጣል። አንድ ምሽት እንግዳው የአንድ ትልቅ ከተማ ኦባ ነበሩ። ንጉሥ ደግሞ ሰዓት አይጠብቅም፤ ሰዓት ነው እሳቸውን የሚጠብቀው። አሻቢ "እናቶች፣ እንደምን አመሻችሁ" ብላ ገና ሳሙናውን ስታነሳ በሩ ተከፈተና የዶቃ ዘውዳቸውን ደፍተው፣ ጭራቸውን ይዘው ኦባ ገቡ።

አሻቢ ተንበረከከች። ምን ታድርግ? ካሜራ የያዘውም ሰውዬ ካሜራውን ለቆ በወንድ ደንብ መሬት ላይ በደረቱ ተዘረጋ። መብራት የያዘውም፣ ገመድ የሚጎትተውም እንዲሁ። እኔ ከበሮ መቺ ነኝ፤ የእኛ አገር ከበሮ እንደ ሰው ቃል ይናገራል፤ ንጉሥ ሲገባ የዘራቸውን ውዳሴ በከበሮ ማስነገር ግዴታዬ ነውና ጎንበስ ብዬ ሳሙናውን ትቼ ኦባን አወድስ ጀመር። ኦሹንቶኪ ከላይ ካለው የአዘጋጆች የመስታወት ክፍል ሆኖ ሲያይ ስቱዲዮው ውስጥ የቆመ ሰው የለም። እየተሳደበ በደረጃው ሮጦ ወረደ፣ በሩን በርግዶ ገባ፣ ኦባን ሲያይ እሱም ከነከረባቱ በደረቱ ተዘረጋ። ኦባ ጭራቸውን ቀስ ብለው እያነሱ ሁላችንንም እስኪያስነሱ ድረስ አገር ያየው አንድ ባዶ ግድግዳና ሦስት ዳክዬ ሳሙና ነው።

በማግስቱ የሳሙናው ባለቤት መጣ። ፊቱ ሳሙና እንዳልነካው ሰው ጠቁሯል።

"እኔ ለሴትዮዋ ነው የከፈልኩት ወይስ ለግድግዳው?" አለ።

የወደቀው ሁሉም ነው፤ የጠፋው ፊት ግን የአሻቢ ነበርና ዱላው እሷ ላይ አረፈ። አንድ እንግሊዝኛ የምትችል፣ ጸጉሯን የተተኮሰች ልጅ በር ላይ ቆማ ቦታዋን እየጠበቀች ነው። ኦሹንቶኪ አሻቢን ጠርቶ እንዲህ አላት፦

"ስሚ፣ አሻቢ። ቀዩ መብራት ከበራ ንጉሥ የለም። አባት የለም። እግዜር ራሱ በዚያ በር ቢገባ ቆመሽ ነው የምትጠብቂው። አንድ ጊዜ ደግሞ ከተንበረከክሽ እኔም ላድንሽ አልችልም።"

"እሺ፣ ኦጋ" አለች። ስትለው ተንበርክካ ነበር። ኦሹንቶኪ ራሱን ያዘ።

ከዚያማ ልምምድ ተጀመረ። ከዱግቤ ገበያ ሽማግሌ እየለመንኩ አመጣለሁ፤ እሷ ክብ ውስጥ ቆማ ስታወራ እነሱ በፊቷ ያልፋሉ። መጀመሪያ የመጡት ጥርስ የሌላቸው ኮላ ፍሬ ሻጭ ነበሩ። ገና ሳል ሲሉ ጉልበቷ ታጠፈ። ሁለተኛውን ጊዜ ጠረጴዛውን ይዛ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። ሽማግሌውም ተቆጡ፦ "እኔን የሚያህል ሰው ፊት ቆማ ታፈጣለች! ይህን ነው እንዴ እዚህ የምታስተምሯት?"

ቀስ በቀስ ግን ለመደች። ከንፈሯን እየነከሰች፣ ቀሚሷ ሥር ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ ለመደች። ኦሹንቶኪ አጨበጨበላት። እኔ አላጨበጨብኩም። የማይታጠፍ ጉልበት ምን ያኮራል?

አንድ ምሽት ቀይ መብራቱ በርቶ አሻቢ "እናቶች" ስትል በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ያን ጊዜ ማንም እየመጣ ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ሰዎች በሥጋ አይቶ ይሄድ ስለነበር ልብ ያለው አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ገቡ፤ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘዋል፣ ብብታቸው ሥር የተጠቀለለ ነገር አለ። ከካሜራው በስተኋላ መጥተው ቆሙ። ባባ አኪንላቢ ነበሩ። ሸብተዋል፤ ትከሻቸው ያው ነው።

አሻቢ አየቻቸው። ማየቷን ያወቅኩት ጉልበቷ አካባቢ ቀሚሷ እንደ ውሃ ሲንቀሳቀስ ስላየሁ ነው። ድምጿ ግን አልተሰበረም። ዓይኗን ከካሜራው መስታወት አልነቀለችም፤ መስታወቱ ደግሞ ልክ ከአባቷ ደረት ፊት ነበር። አወራች፣ ዘፈነች፣ ሳቀች። እንደዚያ ምሽት አምሮባት አያውቅም። ባባ ቆመው ጠበቁ። እሷም ቆማ ሸጠች። በውስጤ "ተንበርከኪ፣ ጣይው፣ ይቃጠል ሳሙናው" እላለሁ፤ እጄ ግን ከበሮውን ይመታል።

ቀይ መብራቱ ሲጠፋ እንደ ተቆረጠ ዛፍ በጉልበቷ ወደቀች። በሩ እየተወዛወዘ ነበር። ማንም የለም።

እስከ ዋናው በር ሮጥን። ዘበኛው "አንድ ሽማግሌ? አዎ፣ አሁን ወጡ" አለ። "ምን አሉ?" አለችው። ዘበኛው እየተጠራጠረ፣ "እኔ እንጃ፤ 'ልጄን ላስነሳ ነበር የመጣሁት፤ ቆማ አገኘኋት' ብለው ሄዱ" አላት። መኪና መናኸሪያው ድረስ ብንሮጥም የኢሴይን መኪና ሄዷል።

ሲነጋ በመጀመሪያው መኪና እኔና እሷ ኢሴይን ገባን። ባባ ያው ዳስ ሥር፣ ያው ሽመና ላይ ተቀምጠዋል። አሻቢ ፊታቸው ተንበረከከች፣ ያችኑ ቦታ። መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ባባ ቀና አላሉም። ፀሐይ ከበላያችን መጣች። አክስቷ ኢያ ሲኪሩ ውሃ ይዛ መጥታ ከጎኗ ቁጢጥ አለች፤ ባባ እንዲሰሟት ሆን ብላ ጮክ ብላ ነው የምታወራው።

"አባትሽ ዕለት ዕለት ይሄዳል እኮ! ምክር ቤቱ ደጅ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ፣ ቆቡን ዓይኑ ላይ ጥሎ ያይሻል። አንቺ ብቅ ስትይ ደግሞ ይበግናል። 'እይዋት፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ቆማ ታወራለች' ይለኛል። 'አንተ ሰውዬ፣ እሷ እኮ አታይህም' ስለው 'እኔ ግን አያታለሁ' ይላል።"

አሻቢ ውሃውን አልነካችም።

"ያ ንጉሥ የገባ ዕለት ግን" አለች ኢያ ሲኪሩ፣ "አንቺ ጠፍተሽ ግድግዳው ብቻ ሲቀር ሰው ሁሉ 'ተበላሸ! ተበላሸ!' ብሎ ጮኸ። እሱ ሳቀ! ስንት ዓመት ያልሳቀ ሰው! 'ከበሮውን አትሰሙም? ንጉሥ ገብቷል። አልተበላሸም፤ ልጄ ተንበርክካ ነው። አገር እያየ ተንበርክካለች፤ የእኔ ናት' አለ። በማግስቱ ላንቺ ልብስ ጀመረ። ጨርሶ፣ ይዞልሽ ሄደ። ምን አድርገሽ እንደመለስሽው እንጃ፤ ማታ መጥቶ ልብሱን ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት።"

አሻቢ እጇን አፈሩ ላይ ዘረጋች። "አባዬ" አለች፤ "አባዬ፣ እንዳልንበረከክ ነበር ያሠለጠኑኝ።"

መወርወሪያው አልቆመም።

ከመንገዱ ማዶ መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። ኢባዳን ከምሽቱ በፊት የሚገባው የመጨረሻው እሱ ነበር። ጠጋ ብዬ "አሻቢ፣ ካልሄድን ቦታሽን ያቺ ልጅ ትይዘዋለች" አልኳት። መኪናው ደግሞ ነፋ። አሻቢ ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ አባቷን አየች።

"አባዬ፣ ዛሬም በገዛ ራሴ ልነሳ ነው" አለች። "ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ ማታ ግን እዚያ ደጅ ይምጡ። እባክዎ ይምጡ።"

መወርወሪያው አንዴ መሃል ላይ ቆመ መሰለኝ። ከዚያ ሄደ።

እስከ ኢባዳን ድረስ የመኪናውን ብረት ይዛ ቆማ ነው የመጣችው። "ይመጡ ይሆን?" ትለኛለች፤ ሳልመልስ ደግማ ትጠይቀኛለች። "ከዚህ በኋላ አያዩኝም፤ አይደል? ወይስ ያዩኛል?" እኔ ምን አውቄ። አቧራው ፊቷ ላይ ደርቆ እንባዋ መንገድ አወጣበት።

ፊቷን ሳትታጠብ ክቡ ውስጥ ገባች። ኦሹንቶኪ "ዱቄት ቀቧት! ምን ሆና ነው?" እያለ ከላይ ይጮሃል። ጊዜ አልነበረም። ቀዩ መብራት በራ።

"እናቶች፣ እንደምን አመሻችሁ" አለች። ሳሙናውን አነሳች። መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። መስታወቱን ዓይኑን ትኩር ብላ አየችው፤ "አባዬ፣ እንደምን አመሹ" አለችና ተንበረከከች።

ከሥዕሉ ወጣች። ግድግዳና ዳክዬ ብቻ ቀረ። ካሜራ ያዡ ወደ ታች ሊያወርደው ቢሞክር በዚያ ቅርበት አልሆነለትም። አሻቢ ግንባሯን ወለሉ ላይ አድርጋ ቀረች፤ የጠመኔው መሥመር ከቀሚሷ ሥር ተሰረዘ። እኔ ማንም ሳያዘኝ የአኪንላቢን ቤት ውዳሴ በከበሮ አስነገርኩ፦ ድር የሚስበው፣ እርቃኑን የመጣውን ዓለም አልብሶ የሚሸኘው፣ እያልኩ፤ ከበሮ የሚሰማ ሰው ኢሴይን ውስጥ ካለ ይስማ ብዬ። ደቂቃው እስኪያልቅ መታሁ። ኦሹንቶኪ ሥዕሉን ቆርጦ የግድግዳ ሰዓት አሳየ።

ሲወርድ ይጮሃል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸም። አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ፣ "ለምን ብዬ አልጠይቅሽም፤ እኔም አባት አለኝ" አላት። "ነገ ግን ሌላ ሰው ነው የሚቆመው፣ አሻቢ።" ለእኔም እጁን ወደ በሩ ዘረጋልኝ። ከበሮዬን ብብቴ ሥር አድርጌ ወጣሁ። ከበሮ መቺ የትም አገር ፆሙን አያድርም፤ ያሳዘነችኝ እሷ ናት።

ዱግቤ ገበያ ሳሙና መሸጥ ጀመረች። ሦስት ዳክዬውንም ጭምር። ያች ጸጉሯን የተተኮሰች ልጅ ማታ በሳጥኑ ታወድሰዋለች፣ አሻቢ ቀን በገበያው ትቸረችረዋለች። ቆማ ነው የምትሸጠው። ደንበኛ በሌለበትም ሰዓት ወዲያ ወዲህ ትላለች። ጎረቤቷ በርበሬ ሻጭ "አንቺ ሴት፣ ዞረብኝ! በፈጠረሽ ቁጭ በይ!" ትላታለች። ከኢሴይን ምንም ወሬ አልመጣም። እኔም መጠየቅ ፈራሁ፤ "አልመጡም" ብትባል ምን ልትሆን ነው?

ጥቂት ወራት ቆይቶ ኢሴይን ውስጥ ለሕፃን ስም ማውጫ ከበሮ እንድመታ ተጠራሁ። ሄድኩ። ምግቡ ተበልቶ ሰው ሲጫወት አንድ ጎረምሳ ተነሳና ጎበጥ ብሎ፣ ቆቡን ዓይኑ ላይ ጥሎ፣ ግድግዳውን እያየ "ተነሽ! ተነሽ!" እያለ ያስቅ ጀመር። ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"ማንን ነው የሚያስመስለው?" አልኩ።

"ሸማኔውን አኪንላቢን ነዋ! አልሰማህም?" አለኝ ከጎኔ የተቀመጠው። "አንድ ማታ ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ ባዶ ግድግዳ ሲያሳይ፣ ሽማግሌው ከኋላ ሰው ረግጦ መጣና ሳጥኑ ፊት ቆመ። እጁን መስታወቱ ላይ አድርጎ ግድግዳውን መረቀው ብልህ ታምናለህ? 'ተነሽ፣ ልጄ። በቃ፣ ተነሽ' ይላል፤ አልለቅም ብሎ። ሰዓት እስኪያሳዩ ድረስ። ጅል ሆኗል!"

ጎረምሳውን በከበሮዬ አናቱን ልለው ነበር። ከዚያ ግን የከፈሉኝን እንኳ ሳልቆጥር ወደ መኪናው ሮጥኩ። ባባን ሄጄ ማየት ነበረብኝ፤ እግሬ ግን እምቢ አለኝ፣ ወደ ኢባዳን ነው የሮጠው።

አሻቢን ገበያው መሃል እንደ ልማዷ ወዲያ ወዲህ ስትል አገኘኋት። ነገርኳት። ያለ ምንም ማሳመር፣ ጎረምሳው እንዳስመሰለው፣ ሰውየው እንደነገረኝ ነገርኳት።

"ስንት ጊዜ አሉ?" አለች።

"አልለቅም ብለው። ሰዓቱ እስኪመጣ።"

"ጮክ ብለው?"

"ሰው ሁሉ ሰምቷል።"

"እጃቸውን ሳጥኑ ላይ አድርገው?"

"እጃቸውን አድርገው።"

የሳሙናውን የእንጨት ሣጥን ገለበጠችና ቁጭ አለችበት። ጫፉ ላይ አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እግሮቿን ዘርግታ። እስክትነሳ ጠበቅኩ። በርበሬ ሻጯም ሥራዋን ትታ አፏን ከፍታ ታያታለች።

አንዲት ሴት ልጇን አዝላ መጥታ "እህቴ፣ ሦስት ዳክዬ ስጪኝ፤ እቸኩላለሁ" አለቻት።

"ትንሽ ቆዪኝ፣ እናቴ" አለች አሻቢ። "ተቀምጫለሁ።"